ገረጋንቲ የወጣበት የአባቴ መሬት መልሶ ያበቅል ይሆን?

የእንጅባራው፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ፣ ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ ነው ታገሱኝ። አባቴ ባንጃ ውስጥ ሁለት ቃዳ መሬት ነበረው፣ ድንችና ገብስ እያፈራረቅን የበላንበት። 2012 ላይ መንገድ ሲሰራ ኮንትራክተሩ ከቀበሌ ሰዎች ጋር መጣና እዚህ ጥሩ ገረጋንቲ አለ፣ ለጊዜው ነው፣ ስንጨርስ አስተካክለን እናስረክባለን አሉ። ለሰብሉ ካሳ ተከፈለ፣ አባቴም ፈረመ፣ ምን እንደፈረመ ግን እስካሁን ወረቀቱን አላየሁትም። ሁለት በጋ ቆፍረው ሲኖትራክ ሲያመላልሱ ከረሙና አንድ ቀን ማሽኑን ጭነው ሄዱ፣ በቃ።

አሁን ያለው ነገር እንዲህ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ያለበት ቦታ 6 ሜትር ይሆናል፣ ግድግዳው በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ያለ ነው። ወለሉ ሮሎ እንደሄደበት መንገድ ደድሯል፣ ታናሽ ወንድሜ በዶማ ሲመታው ዶማው ነጥሮ ይመለሳል። በክረምት አንዱ ጥግ ላይ ውሃ ይተኛል። አምና የአባቴ ፈረስ በሌሊት ገብቶ እግሩን ሰበረ (አገው ቤት ፈረስ እግሩን ሰበረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ)። ወንድሜ 200 የባህር ዛፍ ችግኝ ተክሎበት ነበር፣ ሁለት ክረምት አልፎት የቀሩት 11 ናቸው፣ እነሱም ከጉልበት አላለፉም።

እኔ አዲሳባ ነው የምሰራው፣ ዶዘር የምከራይበት ብር የለኝም። ጥያቄዬ ቀላል ነው፣ ይሄ መሬት በሰው ጉልበትና በትንሽ ወጪ መልሶ የሆነ ነገር ሊያበቅል ይችላል ወይስ እርማችንን እናውጣ? አባቴ "መሬቴ ሞቷል" ማለት ጀምሯል እና እሱን መስማት ነው የከበደኝ።

ቀልደኛው፦

ውሃ ይተኛል ካልክ ምን ትጨነቃለህ ዓሣ አርባበት፣ ለፆም ታተርፋለህ 😂

የድሮ_ዲኤ፦

የእንጅባራው ወንድሜ በመጀመሪያ ለፈረሱ አይዞህ። እኔ ስምንት ዓመት የግብርና ልማት ሠራተኛ (ዲኤ) ነበርኩ፣ እናንተ ጋ ባይሆንም ጎጃም ውስጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ብዙ አይቻለሁ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የላይኛው አፈር የት ሄደ? ገረጋንቲ ለማውጣት መጀመሪያ ጥቁሩን ወይ ቀዩን ለም አፈር ይገፉታል፣ ለመንገድ ሥራ አይፈለግማ። ብዙ ጊዜ ዳር ላይ ይቆልሉትና እዛው ይቀራል፣ ከዛ ሳርና እንግጫ ይለብስና ሰው የድሮ ጉብታ ነው የሚመስለው። እስቲ ለወንድምህ ደውልና ዙሪያውን ዞሮ ይየው። እሱ ካለ ነገሩ ሌላ ነው፣ ከሌለ ደሞ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።

ለምን እዚህ ላይ ችክ አልኩ መሰለህ፣ ሰብል የሚበላው ያቺ ከላይ ያለችውን ከ20 እስከ 30 ሳንቲም የምትሆን ሽፋን ነው። ብስባሹ፣ ትሉ፣ ዘሩ፣ በዓይን የማይታየው ህይወት ሁሉ እዛች ውስጥ ነው። እናንተ ወለል ላይ አሁን የቀረው የተፈጨ ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ላይ ዩሪያ ብታፈስ ዝናቡ ይዞት ይሄዳል እንጂ ምንም የሚይዘው የለም። ባህር ዛፋችሁ የሞተው ለዛ ነው። ሥሩ የሚገባበት ስንጥቅ አጥቶ በክረምት ውሃ ውስጥ ይቆማል፣ በበጋ ይጠበሳል።

ቀልደኛው፣ ለሳቁ እናመሰግናለን ግን ያ ውሃ በክረምት አጥር የሌለው ጉድጓድ ውስጥ የሚተኛ ውሃ ነው። የሰው ልጅ ይገባበታል፣ ቢንቢም ይራባበታል። ዓሣ ደሞ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ውሃ ነው የሚፈልገው።

ሎደር_1፦

እኔ በሌላ በኩል ነው የማወራው፣ ጥፋተኞቹ ጎራ ውስጥ ነበርኩ 😅 ሞጆና ቢሾፍቱ አካባቢ ቀይ አሽ የሚወጣበት ካባ ላይ ሎደር ስነዳ አምስት ዓመት። ስለ መደደሩ ትክክል ብለሃል፣ የተጫነ ሲኖ አንድ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ከሥሩ ያለውን ግማሽ ሜትር ድረስ ይጠቀጥቀዋል። ማሽኑ ከመሄዱ በፊት ዶዘሩ ከኋላ ባለው ሪፐር ወለሉን ሁለት ቀን ቢያርሰው ኖሮ አለቀ፣ የነዳጅ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ፎርማኑ "የገበሬው ሥራ ነው" ይል ነበር፣ ገበሬው በምኑ እንደሚያርሰው እንጃ።

ሌላው ግድግዳው። እባካችሁ ማንም ሰው ከሥሩ ገብቶ እንዳይቆፍር!! ከታች ሸርሽሮ አፈር ሲያወጣ ከላይ ተንዶበት የቀረ ሰው አይቻለሁ፣ ስንደርስ ጫማው ብቻ ነበር የሚታየው። ማስተካከል ያለባችሁ ከላይ ወደ ታች ነው፣ በበጋ፣ አፉን በዲጅኖ እያፈረሳችሁ ወደ ውስጥ መልቀቅ። ለአንድ ሜትር ከፍታ ቢያንስ ሁለት ሜትር ወደ ጎን እንዲተኛ አስቡት፣ ሦስት ከሆነ ከብትም ይወጣበታል። 6 ሜትር የሆነው ጋ አንድ ላይ አይቻልም፣ መሀል ላይ እንደ እርከን ሰፋ ያለ ደረጃ ተዉለት። እና ከዛ ሁሉ በፊት ከጉድጓዱ በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አውጡ፣ አለዚያ ያስተካከላችሁት ሁሉ በአንድ ሐምሌ ወርዶ ታች ያለውን ጎረቤት ማሳ ይሞላዋል፣ ከዛ ደሞ ሌላ ጠብ።

ጉልበቱ ብዙ ነው አልዋሽህም። ወንፈል ካላችሁ ግን ይቻላል።

የእንጅባራው፦

እናመሰግናለን በጣም። ዲኤዋ፣ ለወንድሜ ደወልኩለት። አፈሩ አለ!! በምሥራቅ በኩል ዳር ላይ ሳር የበቀለበት ክምር፣ እኛ የተረፈ ድንጋይ ነው ብለን ትተነው ነበር፣ እሱ አንድ ክንድ ቢቆፍረው ቀይ ለስላሳ አፈር ወጣ፣ የድንች ማሳችን አፈር ነው አለኝ። ግን ጎረቤት አንዳንዱ ለግቢው ሲወስድለት ከርሟል መሰለኝ አንድ ጎኑ ተበልቷል። በእርምጃ ለካው፣ ወደ 25 ሜትር ርዝመት፣ 8 ሜትር ወርድ፣ ከፍታው ከአናቱ 2 ሜትር። ይበቃል?

የድሮ_ዲኤ፦

እልል በል! ዛሬውኑ ለጎረቤቶቹ ንገሯቸው፣ ከዚህ በኋላ አንድ አካፋ እንዳይወጣ።

ሒሳቡን እንስራው። ክምሩ ከላይ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ግማሹን ያዝ፣ ወደ 200 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሁለት ቃዳ ማለት 5000 ካሬ ነው፣ 25 ሳንቲም ላልብሰው ብትል 1250 ኩብ ትፈልጋለህ። ስለዚህ አይበቃም፣ ያለህ አፈር የሚያለብሰው 800 ካሬ ገደማ ነው። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ለሁሉም ይዳረስ ብሎ እንደ ቅቤ ስስ አድርጎ ይቀባዋል፣ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል፣ ያቺም ታልቃለች።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ዝቅ ያለውንና ሜዳ የሆነውን ቁራጭ፣ ውሃ የማይተኛበትን፣ 700 ካሬ ያህሉን ለይታችሁ ወለሉን በዲጅኖ ሰባብራችሁ አፈሩን ሙሉ ለሙሉ እዛ አልብሱት። የቀረውን አፈር ለዛፍ ጉድጓድ። 60 በ60 በ60 የሆነ ጉድጓድ ቆፍረህ ግማሹን በክምሩ አፈር፣ ግማሹን በፍግና ከራሱ በወጣው ብትሞላው 200 ጉድጓድ 20 ኩብ ትንሽ ቢያልፍ ነው የሚወስድብህ። ልብ በል፣ የጉድጓዱ ታች ካልተሰነጠቀ ውሃ እንደ ባልዲ ይይዝና ችግኙን ያበሰብሰዋል፣ ታቹን በዲጅኖ ውጋው።

ክምሩ አራት አምስት ዓመት ተቆልሎ ስለኖረ ውስጡ ያለው ህይወት ደክሟል፣ ከላይ ሳር የለበሰው ይሻላል። ስለዚህ ስትገለብጡት የላዩን ለብቻ፣ የውስጡን ለብቻ። የውስጡን ታች፣ የላዩን ከላይ። የእናንተ አካባቢ አፈር ደሞ አሲዳም ነው፣ ወረዳው ኖራ የሚያከፋፍል ከሆነ ተመዝገቡ።

ከኮትቡስ፦

እዚህ ያለሁት ጀርመን ላውዚትስ በሚባለው አካባቢ ነው፣ ቡናማ የድንጋይ ከሰል ሲወጣበት የኖረ አገር፣ መስኮቴን ከፍቼ የማየው የተቆፈረ መሬት ነው ማለት ይቻላል። እኔ የአይቲ ሰው ነኝ ግን ጎረቤቴ ሽማግሌ ጡረታ የወጣ የማዕድን ሠራተኛ ስለሆነ ሳልወድ ተምሬያለሁ 😀

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ትዕግሥት። በምዕራቡ በኩል ራይንላንድ የሚባለው ጋ ሀብታሙ ኩባንያ በማሽኑ ሁለት ሜትር ለም አፈር መልሶ ካለበሰ በኋላ እንኳ መሬቱን ወዲያው ለገበሬ አይሰጥም፣ መጀመሪያ ሦስት ዓመት ያህል አልፋልፋ የሚባል የመኖ ተክል ይዘራበታል፣ በጠቅላላው ሰባት ዓመት ራሱ ካረሰው በኋላ ነው የሚያስረክበው። ሰባት ዓመት! ስለዚህ ወንድምህ የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ካጠረበት ተስፋ እንዳይቆርጥ በለው።

ሁለተኛው የገረመኝ ነው። እዚህ አሸዋ ብቻ በቀረበት ቦታ ሉፒን የሚባል ተክል ይዘራሉ፣ ድሃ አፈር ላይ የሚበቅል፣ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ሥሩ ላይ ባሉት እንክብሎች ወደ አፈሩ የሚያስገባ። ሽማግሌው ሲያሳየኝ አበባውን አይቼ ደነገጥኩ፣ የት ነው የማውቅህ አልኩት። ፍሬውን ሲያሳየኝ ሳቄ መጣ፣ ግብጦ ነው እኮ! ዝርያው ይለያያል፣ ቤተሰቡ ግን አንድ ነው። እኛ ጎጃም ውስጥ ማንም የማይፈልገው መሬት ላይ በትነን የምንረሳው ግብጦ። ምንም ማዳበሪያ ሳይጠይቅ፣ ከብትም መራራ ስለሆነ አይነካውም፣ አጥር ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ።

ለሎደሩ ወንድሜ ስለ ግድግዳው ያልከውን አጥብቄ ነው የምደግፈው። 2009 እንደ ፈረንጆቹ ናኽተርሽቴት የሚባል መንደር ውስጥ የድሮ ከሰል ጉድጓድ ውሃ እየሞሉ ሐይቅ ሲያደርጉት ዳሩ በሌሊት ተንዶ ቤት ይዞ ገባ፣ ሦስት ሰው ሞተ። ጀርመን ነው ይሄ፣ ኢንጅነሩ ሞልቶ። ዳሩ ላይ ቤት የመሥራት ሐሳብ ካላችሁ ተዉት።

ባህርዛፍ_ይለምልም፦

ሁላችሁም ነገር ታከብዳላችሁ። ባህር ዛፍ ነው መፍትሄው። 200 ከሞተ 500 ትተክላለህ፣ የተረፈው አጠና ይሆናል ብር ነው። በግብጦ ማን ሀብታም ሆነ?

የእንጅባራው፦

ወንድም 200 ተክለን 11 ቀረ አልኩህ እኮ። በዚህ ሒሳብ 500 ብተክል 27 ነው የሚተርፈኝ፣ እሱም የጉልበት ቁመት።

ሞምባሳ_የኖርኩ፦

ባህር ዛፍን ባልጠላውም ሌላ ምሳሌ ላምጣ። ሞምባሳ ሳለሁ የባምቡሪ ሲሚንቶ ፋብሪካ የድሮ ካባ የነበረውን ሐለር ፓርክን ደጋግሜ ሄጃለሁ፣ አሁን ጫካ ነው፣ ጉማሬና ቀጭኔ አለው፣ ሰው ከፍሎ ይገባል። ከ50 ዓመት በፊት ግን ነጭ የኮራል ድንጋይ ወለል ነበር፣ ታቹ ጨዋማ ውሃ። ሬኔ ሐለር የሚባል የስዊዝ የግብርና ሰው እንደ ፈረንጆቹ 1971 ላይ 26 ዓይነት ዛፍ ሞከረ፣ የጸደቀለት ሦስቱ ብቻ። 26 ሞክሮ 3! አንዱ ሽውሽዌ ነው፣ እዚህ አገር ቤተክርስቲያን ግቢና ትምህርት ቤት ውስጥ የምናውቀው፣ ንፋስ ሲነካው የሚያፏጨው።

ግን የሚገርመው ክፍል ከዛ በኋላ ያለው ነው። ዛፎቹ አደጉ፣ የረገፈው ቅጠል ግን አልበሰብስ አለ፣ ወለሉ ላይ ተቆልሎ ቀረ። ከዛ ሰውየው ቀይ እግር ያላት ሺ እግር የምትባለዋ ትል ያንን ደረቅ ቅጠል ስትበላ አየ፣ ሰብስቦ አምጥቶ በብዛት ለቀቃቸው። ትሎቹ በሉ፣ ኩሳቸው አፈር ሆነ፣ አፈሩ ላይ ሌላ ዛፍ ተተከለ። ለባህር ዛፍ ወዳጁ መልሴ ይሄ ነው፣ ዛፉ ብቻውን መሬት አይመልስም፣ ከሥሩ አፈር የሚሠራ ነገር ያስፈልጋል። የእንጅባራው ሽውሽዌ ብትሞክርስ?

የድሮ_ዲኤ፦

ታሪኩ ደስ ይላል ግን ያኛው ሽውሽዌ የባህር ዳርቻ የቆላ ዛፍ ነው፣ ባንጃ ብርድ ነው፣ አልመክርም። በእናንተ ከፍታ ያንን ሥራ የሚሠራው ትሪሉሰርን የሚባለው ዛፍ ነው፣ ለከብት መኖም ይሆናል፣ ናይትሮጅንም ያስገባል። ግድግዳው ከተዳፈነ በኋላ ተዳፋቱ ላይ ዴሾ ሳር በመስመር፣ ታጭዶ ለከብት። ከብት ግን ሁለት ሦስት ዓመት ድርሽ እንዳይል፣ አንድ ቀን የገባ ከብት የዓመት ሥራ ይረግጣል። ቀርከሃስ? እናንተ ጋ የሞላ ነው፣ ጎርፍ የሚሸረሽረው አፍ ላይ ከነሥሩ ብትተክሉት ይይዛል፣ ውሃ የሚተኛበት ጥግ ላይ ግን እንዳይሆን።

የእንጅባራው፦

ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ግራርስ? ፋግታ ለኮማ ወረዳ በሙሉ በሱ አይደል ከሰል ሲያከስል የኖረው፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጤፍ ከመሀሉ ዘርተው፣ አራት አምስት ዓመት ቆይተው ከሰል አክስለው መልሰው ሲያርሱት መሬቱ ተለውጦ ይጠብቃቸው ነበር።

የድሮ_ዲኤ፦

ጥሩ ነበር፣ እኔም የመጀመሪያ መልሴ እሱ ይሆን ነበር። ግን ያ ቅጠሉን ዝገት የሚያስመስለው በሽታ ገብቶ ስንቱን ማሳ እንዳቃጠለው ከኔ በላይ ታውቃለህ። ጥቂት ሞክር፣ ሁሉንም እንቁላል እዛ አታስቀምጥ። ሐለር እንኳ 26 ነው የሞከረው።

መሬት_ላራሹ፦

ሁላችሁም ስለ ሳር ስታወሩ ዋናውን ዘለላችሁት። ለምንድነው ገበሬው በራሱ ጉልበት የሚደፍነው? የማዕድን አዋጁ 678/2002 ባለፈቃዱ አካባቢውን መልሶ የሚያስተካክልበት ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። በመንገድ ፕሮጀክት ደሞ የማቴሪያል ጉድጓዱን አስተካክሎ መመለስ ብዙ ጊዜ ውሉ ውስጥ ያለ ሥራ ነው። በአዋጅ 1161/2011 ደሞ ለጊዜው የተወሰደ መሬት እስኪመለስ ድረስ ላጣኸው ገቢ ካሳ አለው። የአንድ ወቅት የሰብል ካሳ ሰጥቶ ላሽ ማለት የለም።

ሎደር_1፦

እውነት ነው ግን ጊዜውን ተመልከት። ፕሮጀክት ሲያልቅ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፣ ከዛ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የጉድለት ማረሚያ ይሰጥና የመጨረሻው ርክክብ ይሆናል፣ ያኔ የተያዘበት ገንዘብ ይለቀቅለታል። ገበሬ ጉልበት ያለው ከዛ በፊት ነው፣ አማካሪ መሐንዲሱ ጋ ሄዶ ይሄ ጉድጓድ አልተስተካከለም ብሎ በጽሑፍ ቢያስገባ ኮንትራክተሩ በማግስቱ ዶዘር ይልካል፣ አይቻለሁ። አንዴ ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ ግን ስልክም አያነሳ። ይሄን ፖስት መሬታቸው ላይ አሁን ማሽን ያለባቸው ሰዎች ካያችሁት፣ የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቆልሉ፣ የተፈረመውን ወረቀት ኮፒ ያዙ፣ ማሽኑ ሳይወጣ ወለሉን አስርሱት።

የእንጅባራው፦

ጉዳዩን ለወረዳው በደብዳቤ አስገባለሁ፣ አባቴ የፈረመውን ኮፒም እጠይቃለሁ። እስከዛ ግን ዝም ብለን አንቀመጥም። ወንድሜ ቅዳሜ ክምሩን በእሾህ አጠረው፣ ጎረቤት ትንሽ አኮረፈ፣ ያልፋል። ከጥር ጀምሮ በወንፈል ግድግዳውን ከላይ ማፍረስ ይጀምራሉ፣ የቀልባሹን ቦይ እሱ ራሱ ጀምሮታል።

ማታ እቤት ደውዬ ስለ ግብጦው ለእናቴ ስነግራት፣ የጀርመኑን ሽማግሌ ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ግማሽ ኩንታል አለኝ፣ ለአረቄ ያስቀመጥኩት ነው" አለችኝ። ትንሽ ቆየችና "ለአረቄው ሌላ እገዛለሁ" አለች። አባቴ ከኋላ ሆኖ "ማን ነው መሬቴ ላይ ግብጦ የሚዘራው፣ ድንች ነው እንጂ!" ሲል ሰማሁት። ሞቷል ካለው መሬት ላይ ድንች መረጠ 😂